ለኢንተርኔት ስልክ መመሪያ የትኛውን ሰነድ እናስገባ? ከደሴ ኮምቦልቻ በተደወለ አንድ ጥሪ መምረጥ

ቢሮው ደሴ፣ መጋዘኑ ወይም ፋብሪካው ኮምቦልቻ የሆነ ድርጅት ብዙ ነው። በመካከል ያለው መንገድ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ቢሆንም ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሐረጎን የሚወርድና የሚወጣ የለም፤ ይደወላል። ስለዚህ ሁለቱን ቦታ በኢንተርኔት መስመር በሚሠራ የውስጥ ስልክ ማገናኘት የሚፈልግ ደንበኛ አይጠፋም። መግጠሙ ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ሲበላሽ ነው። ቴክኒሻኑ ችግሩን ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ 3261፣ 2833፣ 5245፣ 3264 የሚሉ ቁጥሮች ይደራረቡበታል።

እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ሰነድ ነው። አርኤፍሲ ይባላሉ። አብዛኞቹን የሚያወጣው የኢንተርኔት መሐንዲሶች ስብስብ የሆነው አይኢቲኤፍ ነው። በነጻ ይገኛሉ፣ ማንም አውርዶ ማንበብ ይችላል። ስለ ኢንተርኔት ስልክ ብቻ የተጻፉት ግን በመቶዎች ይቆጠራሉ። ስለዚህ አንድ የቴክኒሻኖች ቡድን «የትኞቹን እናንብብ?» የሚል መመሪያ ለማዘጋጀት ሲነሳ ትልቁ ሥራ መምረጡ ላይ ነው። ሁሉንም ካስገባ ማንም አይከፍተውም። ጥቂት ብቻ በዘፈቀደ ካስገባ ደግሞ በሚያስፈልግበት ቀን ባዶ ሆኖ ይገኛል።

እኔ የምመክረው መለኪያ አንድ ነው፦ እውነተኛ ጥሪ ወይም እውነተኛ ስሞታ ያላስከፈተው ሰነድ መመሪያው ውስጥ አይግባ። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ ቦታቸው ላይ ስንደርስ እናያቸዋለን። የሰነዶቹን ዓመት የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

1. አንባቢውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ምንም ሰነድ ሳትከፍቱ ይህን አድርጉ። ለምሳሌ፦ «ይህ መመሪያ በደሴና በኮምቦልቻ የቢሮ የኢንተርኔት ስልክ ለሚገጥምና ለሚጠግን ጀማሪ ቴክኒሻን ነው።» አጭር ናት፣ ግን ብዙ ትቆርጣለች። የስልክ ሶፍትዌር የሚጽፍ ፕሮግራመር አንባቢያችን አይደለም ማለት ነው። የሞባይል ኦፕሬተር መሐንዲስም አይደለም። ለእነሱ የሚያስፈልገው ግማሽ ዶሴ ገና ከመጀመሩ ወጣልን።

ዓረፍተ ነገሩን ከፋይሉ አናት ላይ አስቀምጡት። ቡድኑ ስለ አንድ ሰነድ ሲከራከር መልሳችሁ አንብቡት። ሁለት ዓይነት አንባቢ ካላችሁ ሁለት መመሪያ ጻፉ። አንዱን ለሁለቱም ለማድረግ መሞከር ለሁለቱም የማይሆን ነገር ያወጣል።

2. አንድ ጥሪ ያዙና መስመር በመስመር አንብቡ

ይህ የሥራው እምብርት ነው። በኔትወርክ ላይ የሚያልፈውን መልእክት ይዞ የሚያሳየውን ዋየርሻርክ የተባለ ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ወይም ላፕቶፕ ላይ ክፈቱ። ከደሴው የውስጥ ስልክ ቁጥር 101 ወደ ኮምቦልቻው 201 ደውሉ። ተነጋገሩ፣ ቁልፍ ተጫኑ፣ ጥሪውን አቆዩት፣ ወደ ሌላ ስልክ አዛውሩት፣ ዝጉት። የተያዘውን ፋይል አስቀምጡና ዋና ዋናውን በወረቀት አትሙት። የደንበኛ ንግግር እንዳይያዝ በራሳችሁ መሞከሪያ ስልኮች ብቻ አድርጉት።

ተራ ጥሪ ሲፕ በሚባለው የስልክ ፕሮቶኮል ሲሄድ እንዲህ ይታያል። ደዋዩ «ኢንቫይት» ይልካል። «100» ይመጣል፤ ደርሶኛል፣ እየሞከርኩ ነው ማለት ነው። «180» ይመጣል፤ እየጠራ ነው። ሰው ሲያነሳ «200 ኦኬ»። ደዋዩ «አክ» ብሎ መቀበሉን ያረጋግጣል። ከዚያ ድምፁ ይሄዳል። ሲያበቃ «ባይ»፣ መልሱ እንደገና «200 ኦኬ»።

አሁን እስክሪብቶ ያዙና እያንዳንዱን መስመር «አንተን የደነገገህ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።

«ኢንቫይት» ራሱ 3261 ውስጥ ነው፤ በ2002 የወጣው ዋናው የሲፕ ሰነድ። ከሥሩ ያለው «ቪያ» የሚል መስመር መጨረሻው ላይ ብዙ ጊዜ «አርፖርት» የሚል ቃል አለ። እሱ ከ3261 አልመጣም፤ 3581 ነው። «ሰፖርትድ» የሚለው መስመር ላይ ስልኩ የሚችላቸው ተጨማሪ ነገሮች ተዘርዝረዋል። እዚያ «100ሬል» ካያችሁ 3262 ነው። «ታይመር» ካያችሁ 4028። «ሪፕሌስስ» ካያችሁ ጥሪ ማዛወር ላይ የሚያገለግለው 3891።

ከዚያ አንድ ባዶ መስመር አለ። ከባዶው መስመር በታች ያለው ሌላ ቋንቋ ነው፣ ኤስዲፒ ይባላል። ስለ ድምፁ የሚናገረው እሱ ነው፤ የወቅቱ ሰነዱ በ2021 የወጣው 8866 ነው። አንዱ ወገን አማራጭ አቅርቦ ሌላው የሚመርጥበት ሥርዓት ደግሞ 3264 ላይ አለ። «ኤም» በሚለው ፊደል የሚጀምረውን መስመር ተመልከቱ። መጨረሻው ላይ «8 0 101» የሚመስሉ ቁጥሮች አሉ። 8 እና 0 ጂ.711 የሚባለው ድምፅን ወደ ዲጂታል የሚቀይር ስልት (ኮዴክ) ሁለት ዓይነቶች ናቸው፤ ቁጥሮቹን የመደባቸው 3551 ነው። 101 ቋሚ ትርጉም የለውም። ከ96 እስከ 127 ያሉት በየጥሪው በስምምነት የሚሰጡ ናቸው። ከሥር ያለው መስመር ግን ብዙ ጊዜ የስልክ ቁልፍ መጫንን የሚያስተላልፍ መሆኑን ይነግራችኋል፤ ያ 4733 ነው። ሰው ካነሳ በኋላ የሚፈሱት የድምፅ ፓኬቶች አርቲፒ ናቸው፣ ሰነዳቸው 3550።

ቁጠሯቸው። 3261፣ 3581፣ 3262፣ 4028፣ 3891፣ 8866፣ 3264፣ 3551፣ 4733፣ 3550። አስር ሰነድ ከአንድ ጥሪ። የመመሪያችሁ ልብ እነዚህ ናቸው። ያመጣቸውም ግምት ሳይሆን እናንተው የገጠማችሁት ስልክ ነው። የእናንተ ስልክ ከእነዚህ አንዱን ካላሳየ አታስገቡት፤ ሌላ ካሳየ ጨምሩ።

3. ስሞታዎችን ጻፉ

ደህና የሠራ ጥሪ ሁሉንም አያሳይም። ስለዚህ ደንበኞች ሲደውሉ የሚሉትን በራሳቸው አባባል መዝግቡ። ከእያንዳንዱ ስሞታ ሥር «ይህን ለመፍታት የቱን ሰነድ መክፈት አለብኝ?» ብላችሁ ጻፉ። ሦስቱን ጠጋ ብለን እንያቸው።

አንደኛው፦ «እነሱ ይሰሙኛል፣ እኔ ግን አልሰማቸውም።» ከኮምቦልቻ መጋዘን የሚመጣ ስሞታ ነው እንበል። የተያዘውን ጥሪ ክፈቱና ኤስዲፒው ውስጥ በ«ሲ» የሚጀምረውን መስመር እዩ። 192.168.1.20 የሚል ካገኛችሁ ነገሩ ተገኘ። የኮምቦልቻው ስልክ ድምፅ የሚላክበት ብሎ የሰጠው አድራሻ ከራሱ ራውተር ውጭ አይታወቅም። ደሴ ላለ ሰው «ጓዳ አጠገብ ያለው ክፍል ና» ብሎ እንደ መጥራት ነው። ኮምቦልቻ የላከው ድምፅ ደሴ ይደርሳል፣ ደሴ የላከው ግን መድረሻ የለውም። ባለሙያው ናቲንግ የሚለው፣ ራውተሩ የውስጥ አድራሻዎችን በውጭ አድራሻ የሚተካበት አሠራር ያመጣው ጣጣ ነው።

ይህ አንድ ስሞታ በርካታ ሰነዶችን ያስገባል። የውስጥ አድራሻዎቹን የለየው 1918 አለ። ድምፅን በመጣበት በር (ፖርት) መመለስ የሚለው 4961 አለ። ስልኩ የውጭ አድራሻውን የሚጠይቅበት ስተን 8489 ነው። ቀጥታ መንገድ ሲጠፋ በመካከለኛ ሰርቨር የሚያሳልፈው ተርን 8656 ነው። ሁሉንም መንገድ ሞክሮ የሚሠራውን የሚመርጠው አይስ ደግሞ 8445። ለጀማሪ ቴክኒሻን ግን መጀመሪያ የምሰጠው 6314ን ነው፤ አንድ ላይ ሰብስቦ ያስረዳል። አይስን ዳር እስከ ዳር ማንበብ የሚያስፈልገው ሶፍትዌር ለሚጽፍ ሰው ነው። የእኛ አንባቢ ስሙን ማወቅና የት እንደሚበራ ማወቅ ይበቃዋል።

ሁለተኛው፦ «ስናወራ ቆይተን ግማሽ ደቂቃ አካባቢ ይቋረጣል።» ሰዓት ይዛችሁ ለኩ። 32 ሰከንድ ላይ ከሆነ አዲስ ሰነድ አያስፈልግም፤ መልሱ እዚያው 3261 ውስጥ ነው። ስልክ ያነሳው ወገን «200 ኦኬ» ልኮ «አክ» ይጠብቃል። ካልመጣለት ደጋግሞ ይልካል። የመጀመሪያው ጥበቃ ግማሽ ሰከንድ ነው። የግማሽ ሰከንዱ 64 እጥፍ ሲሞላ፣ ማለትም 32 ሰከንድ ላይ፣ ተስፋ ቆርጦ ጥሪውን ይዘጋል። ስለዚህ የሚፈለገው «አክ» የት እንደቀረ ነው። ይህን የሚያውቅ ቴክኒሻን ስልኩን አይቀይርም፣ ኬብል አይነቅልም፤ በቀጥታ ራውተሩንና የሰርቨሩን የውጭ አድራሻ ሴቲንግ ያያል። መመሪያችሁ ላይ ሰነዱን ብቻ ሳይሆን ይህን ገጹን ጠቁሙ። የደንበኛ ቢሮ ቆሞ ገጽ የሚያገላብጥ ሰው ጊዜ የለውም።

ጥሪው የሚቋረጠው ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ከሆነ ግን ሌላ ነው። 4028 ጥሪው በሕይወት መኖሩን በየጊዜው የሚያረጋግጥ ቆጣሪ ይዟል፤ የተለመደው ልክ 1800 ሰከንድ ነው። ማደሻው መልእክት መንገድ ላይ ከቀረ ጥሪው ይዘጋል።

ሦስተኛው፦ «ለአማርኛ 1ን ይጫኑ ይላል፣ ስንጫን ግን ዝም ነው።» 4733። እዚህ ላይ አንድ ጣጣ አለ፣ ቀጥለን እናየዋለን።

ሌሎቹ በአጭሩ። «የባልደረባዬ መስመር መያዙን የሚያሳየው መብራት አይበራም» ካሉ 4235 እና 6665። «የድምፅ መልእክት እንዳለ አያሳይም» ካሉ 3842። «ድምፁ ይቆራረጣል» ካሉ ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ የመስመሩ ነው፤ ለእሱ ብላችሁ ሰነድ አትጨምሩ። የኮዴኩን ፍጆታ ማወቅ ይበቃል። ጂ.711 በ20 ሚሊ ሰከንድ ሲላክ ከአይፒው ሸክም ጋር በአንድ አቅጣጫ 80 ኪሎ ቢት በሰከንድ ይወስዳል፤ ጂ.729 ደግሞ 24።

4. የሰነዱን አናት ሳታዩ አታስገቡ

አርኤፍሲ አንዴ ከወጣ በኋላ አንድ ፊደል አይቀየርም። ማሻሻያ ሲኖር አዲስ ቁጥር ይወጣል። ልክ እንደ አዋጅ አንዱ ሌላውን ይሽራል ወይም ያሻሽላል። አሮጌው ሰነድ ግን መሻሩን ራሱ አያውቅም፣ ጽሑፉ አይነካምና። ስለዚህ ከድሮ ፍላሽ ላይ ያገኛችሁትን ፋይል አትመኑ። የአርኤፍሲ ኤዲተር ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን ፈልጉና በማን እንደተሻረ፣ በማን እንደተሻሻለ እዩ። የታወቁ ስህተቶች እርማትም እዚያው አለ።

የእኛን ዘርፍ ብዙ ጊዜ የሚያሳስቱት እነዚህ ናቸው። ሲፕ በ1999 ሲወጣ 2543 ነበር፣ በ3261 ተሽሯል። ኤስዲፒ 2327 ነበር፣ ከዚያ 4566፣ አሁን 8866። አርቲፒ 1889 ነበር፣ አሁን 3550። ስተን 3489፣ ከዚያ 5389፣ አሁን 8489። አይስ 5245 ነበር፣ አሁን 8445። የማሳወቂያው ሥርዓት 3265 ነበር፣ ከ2012 ወዲህ 6665።

ጣጣው ደግሞ ይኸው። የቁልፍ መጫኑ ሰነድ 2833 በ2006 በ4733 ተሽሯል። ይሁን እንጂ ብዙ ስልክ ሜኑ ውስጥ ብትገቡ አሁንም የሚያገኙት «2833» የሚል ምርጫ ነው። ቴክኒሻኑ 4733 ብሎ ቢፈልግ አያገኘውም። ስለዚህ የተሻረውን ቁጥር ከመመሪያው አታጥፉት። በመጠቆሚያው ላይ «2833፦ ተሽሯል፣ 4733ን ይመልከቱ፤ የስልኩ ሜኑ ላይ ግን ይህን ስም ይምረጡ» ብላችሁ አስቀምጡ።

የሚያሻሽሉ ሰነዶች ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 3261ን ያሻሻሉት ከአስር በላይ ናቸው። ሁሉንም ማስገባት አያስፈልግም። ለእኛ አንባቢ 6026 እና 8760 ይበቃሉ። የመጀመሪያው የ«200 ኦኬ» አያያዝ ላይ የነበረ ጉድለት ያርማል። ሁለተኛው የይለፍ ቃል ማረጋገጫውን ከአሮጌው ኤምዲ5 የተሻለ ስልት ይጨምርበታል።

ገና ረቂቅ የሆነ ሰነድ አይግባ። ረቂቅ ዕድሜው ስድስት ወር ነው፤ ካልታደሰ ይወድቃል። ደንበኛ ቢሮ ውስጥ ለዓመታት የሚቆም ስልክ በእሱ ላይ አይመሠረትም።

የሰነዱ ምድብም አናቱ ላይ ተጽፏል። አንዳንዱ የስታንዳርድ መስመር ላይ ያለ ነው፣ አንዳንዱ ለመረጃ ብቻ፣ አንዳንዱ ለሙከራ፣ አንዳንዱ ያለፈበት። «ስታንዳርድ ያልሆነውን ሁሉ እናውጣ» ማለት ቀላል ይመስላል፣ ግን አይሠራም። 3325 ለመረጃ ተብሎ የወጣ ነው። ሆኖም የደዋዩን ማንነት በኔትወርኩ የሚያረጋግጠው መስመር የመጣው ከእሱ ነው፤ ከኦፕሬተር ጋር ስትገናኙ ታገኙታላችሁ። 5456 ለመረጃ የወጣ ነው። ነገር ግን አስተሪስክ በሚባለው የስልክ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሁለት ሰርቨሮችን የሚያገናኘው አይኤኤክስ2 የተጻፈው እዚያ ነው። በአንድ በር፣ 4569 ላይ ብቻ ስለሚያልፍ ከናቲንግ ጋር ብዙ አይጣላም። ደሴንና ኮምቦልቻን በእሱ ያገናኘ ሰው ያለ 5456 መመሪያው አይረባውም። 5806 ደግሞ ጭራሽ ያለፈበት ተብሎ ተመድቧል፤ የተዛወረ ጥሪ ከየት እንደመጣ የሚያሳየውን መስመሩን ግን መሣሪያዎች አሁንም ይልኩታል። ተተኪ መንገድ የሆነውን 7044ን አጠገቡ አድርጋችሁ ሁለቱንም ጥቀሱ። ምድቡ ይነግራችኋል፣ አይወስንላችሁም። የሚወስነው የያዛችሁት ጥሪ ነው።

5. «በመሣሪያዎቹ መካከል የሚያልፈው መልእክት ላይ ምን ይለውጣል?» ብላችሁ ጠይቁ

ብዙ ሰነድ ፕሮቶኮል አይደነግግም። ወደፊት ምን ያስፈልጋል የሚል ዝርዝር ነው፣ ወይም የአንድ ሐሳብ አጠቃላይ ንድፍ ነው። ጥሩው ምሳሌ 3324 እና 3325 ናቸው። ሁለቱም በ2002 ወጡ፣ ጎን ለጎን። 3324 የሚያስፈልገውን ይዘረዝራል። 3325 መልእክቱ ላይ የሚጻፈውን ይደነግጋል። ሁለተኛው ይግባ፣ የመጀመሪያው ይቅር። 4083ም እንዲሁ የሞባይሉ ዓለም ከሲፕ የፈለገውን ይዘረዝራል፤ ለቢሮ ስልክ ጠጋኝ ምንም አይጨምርለትም።

ከዚህ ደንብ ውጭ ግን እኔ አንድ ሰነድ አስገባለሁ፣ 3665ን። ምንም አዲስ ነገር አይደነግግም። ሙሉ የጥሪ ምሳሌዎችን ከነመልእክቶቻቸው ያሳያል። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ግቢ ለተግባር ልምምድ (አፓረንት) የመጣ ተማሪ 3261ን ከመጀመሪያ ገጽ ከሚጀምር 3665ን ከያዘው ጥሪ ጎን አድርጎ ቢያነብ ቶሎ ይገባዋል። ደንብ ለአንባቢ እንጂ አንባቢ ለደንብ አልተፈጠረም።

የራሳችሁ ዝርዝር ከደረሰ በኋላ ከ5411 ጋር አስተያዩት። ጆናታን ሮዘንበርግ በ2009 ያወጣው የሲፕ ሰነዶች ማውጫ ነው። የረሳችሁት ካለ ያስታውሳችኋል። ከዚያ ግን አትጀምሩ። የተጻፈው ለሰፊ አንባቢ ነው፣ ከ2009 ወዲህ የተሻሩትንም አያሳይም።

6. ጥሪው የማያሳየውን ደህንነት በግድ አስገቡ

መለኪያዬ የሚጎድልበት ዋናው ቦታ ይህ ነው። የተያዘ ጥሪ ያለውን እንጂ የሌለውን አያሳይም። ድምፁ ሳይመሰጠር ከሄደ «አልተመሰጠርኩም» የሚል መስመር የለም። ዋየርሻርክ ላይ ቁልፍ ተጭናችሁ የራሳችሁን ድምፅ ስትሰሙ ግን ይገባችኋል፤ እናንተ ከሰማችሁ በመስመሩ ላይ ያለ ሌላ ሰውም ይሰማል። ሲፕ የሚጠቀምበትን በር 5060ን ለኢንተርኔት ክፍት አድርጎ የይለፍ ቃሉን 1234 ያለ ሰርቨር ደግሞ በባዕድ ሰው ጥሪ የባለቤቱን ሒሳብ ይጨርሳል። የነጋዴ ገንዘብ ነው፣ የደንበኛ ምስጢር ነው። ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ እነዚህን ጥሪው ባያሳይም ልብ ውስጥ አስገቡ። ድምፅን የሚመሰጥረው ኤስአርቲፒ 3711 ነው። ቁልፉን ለመለዋወጥ ስልኮቻችሁ የሚችሉትን እዩ፤ 4568 ወይም 5763 ከ5764 ጋር። የጥሪ መልእክቱን ራሱን ቲኤልኤስ በሚባለው የመመስጠሪያ ፕሮቶኮል ለመሸፈን 3261 መሠረቱን ይዟል። ሆኖም አሮጌዎቹን የቲኤልኤስ ስሪቶች 1.0ንና 1.1ን ከአገልግሎት ያወጣውን 8996ን አብራችሁ አኑሩ። የይለፍ ቃል ማረጋገጫውን 8760ን ቀደም ብለን ጠቅሰናል።

7. ከአይኢቲኤፍ ውጭ ያለውን በልኩ

ጂ.711 የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት (አይቲዩ) ሰነድ ነው፣ ከ1972 ጀምሮ ያለ። ሁለት ዓይነት ነው። ከሰሜን አሜሪካና ከጃፓን ውጭ ያለው ዓለም የሚጠቀመው ኤ-ሎው የሚባለውን ነው፤ 8 ቁጥር እሱ ነው። ስልክ ስትገጥሙ እሱን አስቀድሙ።

ኢ.164 የዓለም የስልክ ቁጥር አጻጻፍ ነው፤ ቢበዛ 15 አሃዝ። ይግባ። የደሴና የኮምቦልቻ መደበኛ ስልክ 033 ይጀምራል። ከውጭ ሲደወል ዜሮው ይወድቅና 251 33 ይሆናል። ሰርቨር ላይ ግማሹን በ033፣ ግማሹን በ251 መዝግቦ «ቁጥሩ አይሠራም» ማለት የተለመደ ነው። ቁጥሩ ሲፕ ውስጥ እንዴት እንደሚጻፍ የሚለውን 3966ን ከጎኑ አድርጉ።

በ1996 የወጣው ኤች.323 ስሙ ይጠቀስ፤ የድሮ የቪዲዮ ስብሰባ መሣሪያ ያለው ደንበኛ ካልመጣ ከዚያ አትለፉ። የሞባይሎቹ ሰነዶች ይቅሩ። ዌብአርቲሲ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት ማሰሻ (ብራውዘር) በሚደረግ ጥሪ ላይ፣ የሚሠራ ደንበኛ ካላችሁ 8825 እና የኦፐስ ኮዴክ 6716፣ ከሌላችሁ ስማቸው ብቻ።

የአገራችንን ሕግ ግን መጀመሪያ ገጽ ላይ አድርጉት። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን የሚመለከት ድንጋጌ አለው። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሟል። ዓመቶቹ እዚህ ላይ የእኛው አቆጣጠር ናቸው። ሁለቱን አንብቧቸው። የአንድ ድርጅት የውስጥ ስልክ ከሕዝብ የስልክ መስመር ጋር ከመገናኘቱ በፊት፣ ወይም አገልግሎቱ ለሌላ ከመሸጡ በፊት፣ ባለሥልጣኑን በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም ከፋይሉ ጋር አኑሩ።

8. በሦስት ደረጃ አስቀምጡ

ልብ፦ ሁሉም ቴክኒሻን የሚያነባቸው። ከአሥራ አምስት እንዳይበልጡ። ስሞታ ሲመጣ የሚከፈቱ፦ በስሞታው አባባል የተደረደሩ። ስማቸው ብቻ የሚታወቅ፦ በአንድ መስመር።

ልብ ውስጥ ያለውንም «ያንብቡት» ብላችሁ አትለፉ። 3261 ብቻውን 269 ገጽ ነው። የትኛው ክፍል እንደሆነ ንገሯቸው። ክፍል 4 አጠቃላይ ሥዕሉ ነው። 10 ምዝገባ፣ 13 ጥሪ መጀመር፣ 17 የመልእክት ድግግሞሽና ቆጣሪዎች፣ 21 የመልስ ቁጥሮች፣ 22 የይለፍ ቃል ማረጋገጫ። ክፍል 23ንና ክፍል 25ን የእኛ አንባቢ ሳያነባቸው ዕድሜውን ሊሠራ ይችላል።

9. እያንዳንዱን በአንድ ቅርጽ ጻፉ

አንድ ናሙና ይኸው፦

«4733። የስልክ ቁልፍ መጫንን በአርቲፒ ማስተላለፍ፣ 2006።
የሚከፈተው፦ ደንበኛው ቁልፍ ሲጫን መልስ ሰጪው ዝም ሲል።
ሌላ ስሙ፦ ስልኩ ሜኑ ላይ 2833።
የሚነበበው፦ ክፍል 2።
መጀመሪያ የሚታየው፦ ሁለቱም ወገን በኤስዲፒው ይህን ዓይነት አቅርበዋል ወይ? ቁጥሩ አንድ ነው ወይ?
በመጨረሻ የታየበት ቀን፦ »

ይበቃል። ሰነዱን አታሳጥሩት፣ አትተርጉሙት፤ የሚወስደውን በር አሳዩ።

10. ያስቀራችሁትንም ከነምክንያቱ መዝግቡ

ቸል የሚባል ነገር ነው። «3324፦ የፍላጎት ዝርዝር ነው፣ 3325 ይበቃል።» «5245፦ ተሽሯል።» እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ከሌለ በሚቀጥለው ወር አዲስ የመጣ ሰው ያንኑ ሰነድ ይዞ ይመጣና ክርክሩ ከዜሮ ይጀመራል። ደግሞም ምክንያቱ የተጻፈ ከሆነ ሁኔታው ሲቀየር ሰነዱን ማስገባት ቀላል ነው።

11. በማያውቀው ሰው ፈትኑት

መመሪያውን ላልጻፈው ልጅ ስጡት። አንድ ስልክ ሆን ብላችሁ አበላሹለት፦ የሰርቨሩን የውጭ አድራሻ ሴቲንግ አጥፉና «ደሴን አልሰማም» በሉት። እናንተ ዝም ብላችሁ የትኛውን ገጽ እንደሚከፍት ተመልከቱ። የከፈተው የተሳሳተውን ከሆነ የስሞታው አጻጻፍ ይታረም። ያልተከፈተ ሰነድ በሌላውም በሌላውም ፈተና ካልተከፈተ ከልብ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይውረድ።

ፋይሎቹን በጽሑፍ መልካቸው አውርዳችሁ መመሪያው ጋር በፍላሽ አኑሩ። 3261 እንኳ ከአንድ ሜጋ ባይት በታች ነው። ስልክ የሚጠገነው ኔትወርክ በጠፋበት ቀን ነውና ኢንተርኔት ላይ ብቻ የተቀመጠ መመሪያ በዚያ ቀን አይከፈትም።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መስከረምና መጋቢት ላይ፣ ልብ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ ፈልጉ። የተሻረ ካለ ቀይሩ፣ አዲስ እርማት ካለ መዝግቡ፣ ቀኑን ጻፉ። ሥራው የሁሉም ከሆነ ማንም አይሠራውምና የአንድ ሰው ስም ሽፋኑ ላይ ይኑር። የቀድሞውን እትም አትሰርዙ፤ በአሮጌ ሶፍትዌር የሚሠራ ስልክ ያለው ደንበኛ ሲደውል የሚከፈተው እሱ ነው።